እማዬ የጀመረችው ቀሚስ

ለውድ እህቴ ለዶሚንጋ፦ እንደምን ከርመሻል? እኛ ተራራው እስካለ አለን።

ማኅበራችን የሴቶቹን ሽመና ራሱ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የልፋታችንን ዋጋ እናገኛለን። ድሮ በርካሽ ይገዛን የነበረው ነጋዴ ግን ገጀራ የያዙ ሰዎች ላከብን። ጎረቤታችን ሂላሪያ እየሸመነች ስለነበር፣ ድሩ ከዛፍ፣ ጠፍሩ ከወገቧ ታስሮ መሸሽ አልቻለችም፤ በገዛ የማግ መምቻዋ ጣቶቿን ሰባበሩ። «ቀጥሎ ሊቀመንበሯን ነው!» አሉ። ሊቀመንበሯ እኔ ነኝ። «ወንድ ከሆናችሁ አሁኑኑ ሞክሩኝ!» ስላቸው ሳቁብኝ።

እማዬ ደህና ናት። የመቀበሪያ ቀሚሷን ድሮ ሸምና ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጠች ታውቂያለሽ። ትናንት እንደዚያው ያለ ሌላ ጀመረች። «ደግሞ ይሄ ለማን ነው?» ብላት፣ «ዝም ብለሽ ቁሚ!» ብላ ትከሻዬን ለካች።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ታናሽሽ ቶማሳ