በአንድ ቱቦ ሦስት ሒሳብ

ጥር 4፣ ጠዋት 3 ሰዓት

አጥሚት በፔርሙስ ይዤ ሆስፒታል ደረስኩ። ባለቤቴ መኰንን ነቅቷል። ትናንት ዶ/ሩ ቱቦ በአፉ አስገብቶ ሳንባውን አየ፣ አጠበ፣ ለምርመራም ቅንጣት ሥጋ ቆረጠ። አንዴ ተኛ፣ አንዴ ነቃ። ዛሬ ሒሳቡ መጣ፦ ሦስት ማደንዘዣ፣ ሦስት ቱቦ፣ ሦስት ክፍል። ደብተሬ፣ ሰው በአንድ ጠዋት ሦስቴ ይታረዳል? ሳይከፈል አይወጣም አሉ። ወረቀቱን በጥርሴ ብዘነጥለው ደስ ባለኝ።

10 ሰዓት

ልጄ ሳምሶን ከዓለም ባንክ ሰፈር መጣ። አብረን ወደ ሒሳብ መስኮቱ ሄድን። ገንዘብ ተቀባዩ ቀና ብሎም አላየን። «እማማ፣ ሲስተሙ ያለው ነው። ይክፈሉ።» የእሱ እማማ አይደለሁም። መስኮቱን በምርኩዜ መታሁት፤ ተሰነጠቀ። «በለው!» አልኩ። ሳምሶን በበሩ ገብቶ የገንዘብ ተቀባዩን አንገት ያዘ፣ ፊቱን ከጠረጴዛው አጋጨው። ሁለቴ። ጥርስ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ዘበኞቹ ልጄን በዱላ ጣሉት። ጥርሱ ሲወድቅ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ፈራሁ። ፖሊስ ወሰደው።

ጥር 5

ፖ/ጣቢያ ምሳ አቀበልኩ። የሳምሶን ቅንድብ ተተርትሯል። በራሴ ፈቃድ ነው የመታሁት ብሎ ቃል ሰጥቷል፤ ስሜን አላነሳም። ገንዘብ ተቀባዩ ሁለት ጥርሱ ወልቋል፣ መንጋጋው ተሰብሯል። ጎረቤቴ ወ/ሮ አስካለ ወደ ሰውየው ቤተሰብ ሽማግሌ እንላክ፣ አባቱ ሲዘረፍ አይቶ ነው ይበሉ አለች። ተስማማሁ። ይበለው፣ ሌባ።

ጥር 6፣ ከሰዓት በኋላ

ዶ/ሩ ጠራኝ። ሒሳቡ ታርሟል፤ አንድ ማደንዘዣ፣ አንድ ቱቦ፣ አንድ ክፍል። መኰንን ነገ ይወጣል። ስሕተቱ የማን ነው አልኩ። ሦስት የፈቃድ ወረቀት ዘረጋልኝ። ሦስቱም ላይ ፊርማዬ። ከሕክምናው በፊት እሱ አንድ ቅጽ ሲሰጠኝ፣ ተደራርቦ የተጻፈ ላይ አልፈርምም፣ ለየሥራው ለየብቻ ይጻፍ ብዬ የጮኽኩት እኔ። አዳሪ ት/ቤት በማስመሪያ ጣታችንን እየቀጠቀጡ ያስተማሩን ነው። ገንዘብ ተቀባዩ ሦስት ቅጽ ሲያይ በሽተኛው ሦስቴ የተኛ መሰለው። ሦስት መዘገበ።

ሌባ አልነበረም። ጥርሱን አወለቅንበት።

12 ሰዓት

ሽማግሌዎቹ ነገ 4 ሰዓት ይሄዳሉ። ለአስካለ ነገርኳት። «አሁን ደግሞ የእሱ ጠበቃ ልትሆኚ ነው? ቅደጃቸው፣ ማን ያያል!» ዶ/ሩ የሰጠኝን የፈቃድ ወረቀቶቹን ቅጂ ልትነጥቀኝ እጇን ዘረጋች። እጇን መታሁት። እያለቀሰች ወጣች።

ነገ 2 ሰዓት፣ ሽማግሌዎቹ ሳይንቀሳቀሱ፣ ፖ/ጣቢያ እገባለሁ። በለው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጻፉ እላለሁ። ሳምሶን ይጮኽብኛል።

ይጩኽ።