ስድስተኛው ዲስክ

የካቲት 3፣ ሰኞ
ነፋሱ ዛሬም አላስቀመጠን። ቢሮ ገብቼ አቧራ ስጠርግ ረፈደ። የወረዳችን ገበሬ ሁሉ የመሬት ደብተር፣ ከነፎቶው፣ ስካን ተደርጎ እኔ ክፍል ባለው የዲስክ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ስድስት ዲስክ። አምስቱ ተጋግዘው ይይዛሉ፤ አንዱ ቢሞት ቀሪዎቹ ይሸፍኑለታል። ስድስተኛው ተጠባባቂ ነው... የሞተውን ለመተካት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ።
ኃላፊያችን አቶ ይሁኔ ብቅ አሉ።
"ትርሲት፣ ይቺ ስድስተኛዋ ምን ትሠራለች?"
"ትጠብቃለች።"
"ምኑን?"
ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የስብሰባ ቪዲዮ ማስቀመጫ አጥተዋል፤ እሷን ስጪኝ ነው ነገሩ።

የካቲት 4
አደረግሁት። ተጠባባቂነቱ ቀርቶ ራሱን የቻለ ማከማቻ ሆነ፤ "ስብሰባ" ብዬ ስም አወጣሁለት። አቶ ይሁኔ አመሰገኑኝ። እውነቱን ልጻፍ... ጎበዝ መባል ደስ ይለኛል።

የካቲት 13፣ ሐሙስ
ሦስተኛው ዲስክ ሞተ። ጠዋት ስገባ መብራቱ ብርቱካናማ ሆኗል። የሚተካው ደግሞ ቪዲዮ ተሸክሟል። አምስተኛውም ማስጠንቀቂያ እያሳየ ነው... እሱ ከተከተለ ሁሉም ጠፋ። የማን ጥፋት? የእኔ።
በዚህ ላይ አንዲት እናት መጡ። ተዋበች ይባላሉ፤ ከቆላው ቀበሌ በእግራቸው ነው የመጡት። ቤታቸው ተቃጥሏል።
"ደብተሩ አይደለም ያስቸኮለኝ ልጄ፣ ፎቶው ነው። ባለቤቴ ጥጋቡ በዕድሜው አንዴ ነው ፎቶ የተነሣ፣ ለደብተሩ ብሎ። ካረፈ ዓመት ሊሆነው ነው... መልኩ እየጠፋብኝ ነው።"
ፋይል የሚገኘው በደብተሩ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ከደብተሩ ጋር ተቃጥሏል። ያለ ቁጥር የቀበሌውን ፋይል አንድ በአንድ መክፈት ነው። የታመመውን ዲስክ ይህን ያህል ማንከራተት አልደፈርሁም። "ዛሬ አይሆንም፣ እማማ" አልኋቸው። ምክንያቱን አልነገርኋቸውም። ፈሪ ነኝ።

የካቲት 14፣ ዓርብ
ቪዲዮዎቹን ወደ ላፕቶፔ ገለበጥሁ። ማከማቻውን አጥፍቼ ስድስተኛውን መልሼ ተጠባባቂ አደረግሁት። ወዲያው ሥራ ጀመረ... የሞተው ይዞት የነበረውን ከአራቱ እየሰበሰበ ይጽፋል። አንድ በመቶ። ሁለት በመቶ።
እማማ ተዋበች አልሄዱም፤ ዘመድ ቤት አድረው መጡ። ዛሬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ፎቶው ሊጠፋም እንደሚችል። ከመቀነታቸው ቆሎ ፈቱ። "እንኪ ቆርጥሚ። ገርጥተሻል።" ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።
አርባ በመቶ ላይ መብራት ሄደ! የሳጥኑ መጠባበቂያ ባትሪ ሩብ ሰዓት አይዘልቅም። ጎረቤታችን ባለሱቁ ዑስማን ጋ ሮጥሁ። ምንም አልጠየቀኝም፤ የራሱን ፍሪጅ ከጄኔሬተሩ ነቅሎ ገመዱን በአጥሩ ላይ ወረወረልኝ። ዕድሜ ይስጠው።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቶ በመቶ። አረንጓዴ። ግንባሬን ሳጥኑ ላይ አስደግፌ አለቀስሁ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ
ቢሮ ዝግ ነው፤ ቁልፍ ይዤ ከእማማ ተዋበች ጋር ገባን። የሰው ፊት ስናይ ዋልን። የማያውቁት የለም። "ይሄ ክርስትና አባቴ ነው... ይቺ እንኳ ስታረጅ ነው ደግ የሆነች..."
ሁለት መቶ ምናምነኛው ላይ እጄን ያዙኝ።
ጥጋቡ። የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ አዝራሩ ተዛንፎ ተቆልፏል።
"አዬ አንተ! አዝራሩን አስተካክል ብዬህ አልነበር?"
ተቆጡት። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ስክሪኑን ቀስ ብለው ጠረጉት... አቧራ እኮ አልነበረውም። ሁለት አድርጌ አተምሁላቸው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ
በሞተው ምትክ ያዘዝነው አዲስ ዲስክ በሚኒባስ ደረሰ። በሞተው ቦታ አስገብቼ ተጠባባቂ አደረግሁት። አቶ ይሁኔ በር ላይ ቆመው ያያሉ።
"ይቺስ ምን ልትሠራ ነው?"
"ምንም። ትጠብቃለች።" ዛሬ አልሳቅሁም። እሳቸውም አልሳቁ።
እማማ ተዋበች ገበያ ውለው ብቅ አሉ። ከመቀነታቸው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ... ሁለተኛው ፎቶ!
"ይኼኛው አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። የእኔን ቤት እሳት ያውቀዋል።"
"እማማ..."
"የማይሠራ ነገር ቦታ ያጣብብሻል?"
"አያጣብበኝም።"
መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ አዝራሩ እንደተዛነፈ። ምንም አይሠራም። ይጠብቃል።