ናፍጣ ወደ አራት ቁጥር ክፍል ስለመመለሱ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ዴል ሃቨርስ
የቶርቪል ሞተርስ የአዳዲስ ሞተሮች ዘርፍ ምክትል ፕሬዚዳንት
ኬለር ቤንድ፣ ሚሺጋን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የጣመ፣ በተለይም ሳንባዎ ንጹሕ አየር የማይጎድለው እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህ የይስሙላ ምኞት አይደለም፤ ሳንባ ባለቤቱን ምን ያህል በፍጥነት እንደሚከዳ በቅርብ ካዩ ጥቂት የከተማችን ሰዎች አንዷ በመሆኔ ነው።

ስሜን ረስተውት ከሆነ፣ ሎርና ቪሽኒያክ እባላለሁ። እርስዎ የሞተር መሞከሪያው አዳራሽ አለቃ በነበሩበት ዘመን የሙከራ ክፍሎቹን ከሚያሳየው መስታወት ወዲህ ባለው የመቆጣጠሪያ ጠረጴዛ ላይ የምቀመጠው ሴት ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ወንድሜን ካሲሚርን ግን እንዳልረሱት አውቃለሁ፤ ባለፈው ወር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ከተማውን ሁሉ ሰብስበው ስሙን በድምፅ ማጉያ ጠርተውታልና። ይህን ግልጽ ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም ያ ውለታዎ ነው፤ ምስጋናዎቼን በቁጥር ለይቼ ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

፩. ናፍጣን ወደ ከተማችን ስለመለሱልን አመሰግናለሁ። ፋብሪካችን ሁለት የናፍጣና ሦስት የሃይብሪድ ሞተሮች ሊሠራ መሆኑን ሲያበሥሩ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እኔም አጨብጭቤአለሁ፤ ውሸት አልናገርም። ከአጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ይህ ከተማ በሞተር ያደገ፣ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ዳቦ ቤቱ ሳይቀር የተዘጋበት ከተማ ነው፤ ስለዚህ ናፍጣን የምትጠላ አንዲት አሮጊት ጻፈችልኝ ብለው ወረቀቱን እንዳያስቀምጡት አደራ እላለሁ። ሃይብሪዱ በኤሌክትሪክ ሲሄድ ድምፁ እንኳ አይሰማም ማለትዎንም አድምጫለሁ። በመሥሪያ ቤትዎ ድምፅ የማይሰማ ነገር ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ግን ልብ ይሏል።

፪. ወንድሜን በቁልምጫ ስሙ ጠርተው «የካዝ መንፈስ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእኛ ጋር ነው» ስላሉ አመሰግናለሁ። እውነትዎን ነው። እኔ ይህን ለአሥራ ሰባት ዓመት ሳውቅ፣ ከአስተዳደሩ ወገን ያመነ ሰው ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነው። መንፈሱ የት ቦታ እንደቆመ ስላልገለጹ ግን ለሕዝብ ላስረዳ፤ የቆመው በአራት ቁጥር የሙከራ ክፍል፣ ከመስታወቱ ወዲያ ነው።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት፣ በዚያ የመጋቢት ሐሙስ፣ አራት ቁጥር ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው የናፍጣ ሞተራችን በጽናት ሙከራ ላይ ነበር። አምስት መቶ ሰዓት ያለማቋረጥ መሥራት ነበረበት፤ አራት መቶ ስድሳ አንድ ደርሶ ነበር። መርዛማ ጭስ ሲጠራቀም የሚያስጠነቅቀው የጋዝ ጠቋሚው ደወል ጮኸ። እርስዎ ከቢሮዎ ብቅ ብለው ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ሎርና፣ ያቺን ጩኸታም አፏን አስይዥልኝ። ሞተሩ ከቆመ ከዜሮ ነው የምንጀምረው፤ እኔ ደግሞ ይህን ለዲትሮይቶቹ አለቆቼ የምነግርበት አፍ የለኝም።» ደወሉ ከዚያ በፊት ያለ ምክንያት ብዙ ጊዜ ስለጮኸ፣ እኔም አለቃዬን ስለማከብር፣ የደወሉን ማጥፊያ ተጫንኩት። ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጮኸ፤ እንደገና ተጫንኩት።

ወንድሜ ከክፍሉ በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ሲያይ ቆየና መጣ። «እህት ዓለም፣ የጭስ ቱቦዋ ከማርሚታው ላይ ተንሸራታለች። ቀለበቷን አጥብቄላት መጣሁ» አለኝ። «ሞተሩን ላቁመው?» አልኩት። ሳቀና «ተዪው፣ ሃቨርስ ከሚያለቅስ እኔ ላስል» አለኝ።

የገባው በቱታውና በአንድ የቡሎን መፍቻ ብቻ ነው። ቀለበቱ ዝጎ ኖሮ አልታዘዘለትም፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። በዚህ መካከል ደወሉ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ፤ ለሦስተኛ ጊዜ አጠፋሁት። ቀና ስል ካዝ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ መዳፉን ለጥፎበት አየሁ። ሰላም እያለኝ መስሎኝ እኔም ከወዲህ በኩል መዳፌን አነሣሁለት። እርሱም እጁን አውርዶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ክቡር ሆይ፣ ያ እጅ ምን ማለቱ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። «ደህና ነኝ» ይሆናል። «አቁሚው» ይሆናል። እንዳልጠይቀው ጊዜ ጠፍቶ አይደለም፤ በእግሩ ወጣ፣ ልጁን ብሪጅትን ይዞ ቤቴ ለእራት መጣ፣ ፒሮጊ የምንለውን በድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። እያሳለ «ጉሮሮዬ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት የሳቡበት መሰለኝ» ብሎ ቀለደ። ብሪጅት ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ጀርባውን እየመታች ትስቅበት ነበር። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። የናፍጣ ጭስ ሲመርዝ እንዲህ እንደሚያዘገይ፣ ሳንባው ውሃ እንደሞላ ሐኪሟ ነገረችኝ። ወንድሜ በደረቅ መሬት፣ ነጭ አንሶላ ላይ ሰጠመ።

ሞተሩ አምስት መቶ ሰዓቱን የሞላው በቀብሩ ዋዜማ ነው። ሞተሩም አለፈ፣ ወንድሜም አለፈ። የእናንተ መዝገብ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ጻፈ፤ ስለ ሁለተኛው የሚለው «ሠራተኛው ፈረቃውን ጨርሶ በሙሉ ጤንነት በእግሩ ሄዷል» ነው። ከሥር የምስክር ፊርማ አለ። ፊርማው የእኔ ነው። እንድፈርም ወረቀቱን ይዘው ቤቴ ድረስ መጥተው ስለነበር፣ ለዚያ ድካምዎም በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለምኖረው ኑሮ ብዙ አላሰለችዎትም። የምድጃዬ ደወል፣ የጎረቤት መኪና፣ የገበያው ማቀዝቀዣ ሲጮኹ አልደነግጥም። የምደነግጠው ሲያቆሙ ነው። ጩኸቱ ድንገት ቀጥ ሲል ማነው ያጠፋው እያልኩ ዞር ዞር እላለሁ፤ አንድ ቀን ሽንኩርት ከሚመርጡ ሰዎች መካከል ቆሜ ይህንኑ ጮክ ብዬ ጠይቄአለሁ። በዚያ ቅጽበት ካዝ ከየትኛውም መስታወት ወዲያ ሊሆን ይችላል፤ ከባንኩ በር፣ ከአውቶቡሱ መስኮት። ፊቱ አይቆጣም። የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

፬. በስብሰባው ላይ ለጥያቄዬ ስለሰጡኝ መልስ አመሰግናለሁ። ተነሥቼ «ናፍጣው ወደ አራት ቁጥር ከተመለሰ የጋዝ ጠቋሚው ደወል ይሠራል ወይ?» ስል፣ ፈገግ ብለው «ሎርናዬ፣ ደህና ሆነሽ ስላየሁሽ ደስ ብሎኛል፤ እንዲህ ያሉ ጉዳዮች በሥርዓቱ መሠረት ይታያሉ» አሉኝና ድምፅ ማጉያው ስለ ቀለም ምርጫ ለሚጠይቅ ሰው ተላለፈ። ጥያቄዬን ማንም አልሰማውም ብለው ተረጋግተው ከሆነ ግን አንድ ሰው ሰምቶታል። ብሪጅት ከሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣ ነበር። የካዝ ልጅ አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የሞተር ቴክኒሽያን ናት፣ እርስዎም ራስዎ ለአራት ቁጥር ክፍል ቀጥረዋታል። የአባትን ቦታ ለልጅ መስጠት ትልቅ የልብ ስፋት ይጠይቃልና ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

መኪና ማቆሚያው ጋ ደረሰችብኝ። «አክስቴ፣ አራት ቁጥር ያልሽው ደወል ምንድን ነው?»

«ነይ ግቢ መኪና ውስጥ፤ ይበርዳል» አልኳት።

«አይበርደኝም። ንገሪኝ።»

ነገርኳት። አሥራ ሰባት ዓመት በጉሮሮዬ የያዝኩት ነገር ለመውጣት አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

«አንቺ ነሽ ያጠፋሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ያን ቀን ሦስት ጊዜ።»

«እኔን ይዘሽ ትምህርት ቤት ስትሄጂ፣ ፀጉሬን ስትጎነጉኚልኝ፣ ይህን ሁሉ ዓመት…» አለች። መኪናዋን አስነሥታ ሄደች። እኔም ሰዉ ሁሉ ተበትኖ ማቆሚያው ባዶ እስኪሆን ድረስ የቆምኩበትን አልለቀቅሁም።

ዘጠኝ ቀን አልደወለችም። በአሥረኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ቱታዋን እንደለበሰች በሬን አንኳኳች። ወንበር ሳትስብ ቆማ ነገረችኝ። በመጀመሪያ ፈረቃዋ ሞተሩን ከማስነሣቷ በፊት የመፈተሻ ጋዝ ወደ ጠቋሚው አስጠጋች። አረንጓዴው መብራት በራ፤ ድምፅ ግን የለም። ክዳኑን ፈትታ ስታይ ወደ ደወሉ የሚሄደው ሽቦ ተቆርጦ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ፕላስተሩ ከማርጀቱ የተነሣ እጇ ላይ ተፈረፈረ። ለፈረቃ ኃላፊው ስታሳየው «እሱ የድሮ ዕቃ ነው እባክሽ፤ ጭስ ከበዛብሽ በሩን ክፈቺው» አላት። እርሷም ዋናውን ማብሪያ አጠፋች፣ በራሷ ቁልፍ ቆለፈችበት፣ ቁልፉን ኪሷ ከትታ ወጣች።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ስሰማ የኮራሁባትን ያህል አፈርኩ። አንዲት ልጅ በመጀመሪያ ቀኗ ያደረገችው እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቴ ያልደፈርኩት ነገር ነው። ካዝ «ተዪው» ቢለኝም ሞተሩን የሚያቆመው ቀዩ ቁልፍ ያለው በእኔ እጅ ሥር ነበር። እርስዎ አዘዙኝ፤ ደወሉን ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን ግማሽ ለእርስዎ ላሸክምዎ አልሻም፤ የእርስዎ ድርሻ ለብቻው ይበቃዎታል።

ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ «ይቅርታ ልትጠይቂኝ እንዳትሞክሪ፤ ገና አልደረስኩበትም» አለችኝ። ቀጥላም ፊቷን ሳታዞርልኝ «ማክሰኞ የሥራ ደኅንነት መርማሪዋ ጋ እሄዳለሁ። መኪናው ውስጥ ቦታ አለ» አለች።

ሄድን። በቃለ መሐላ በሰጠሁት ጽሑፍ ላይ የራሴን ስም በአንደኛ፣ የእርስዎን በሁለተኛ መስመር አስቀምጫለሁ፤ ተራው ቅር ካሰኘዎ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሐሰት የፈረምኩበትን ወረቀትም አንሥቼ ሐሰት ነው ብዬአለሁ። ይህ የሚያስከትልብኝ ነገር ካለ አድራሻዬ አልተለወጠም።

መርማሪዋ ስምንቱንም የሙከራ ክፍሎች አስፈተሸች፤ ሦስቱ ዲዳ ሆነው ተገኙ። አንደኛው ያ ድምፁ የማይሰማው ሃይብሪድ የሚሞከርበት ነው። አራት ቁጥር በቢጫ ወረቀት ታሽጓል። ብሪጅትን «ለራሷ ዕረፍት» በሚል ደብዳቤ ወደ ቤቷ ቢልኳትም፣ የፈረቃዋ አራት ሠራተኞች እርሷ ካልተመለሰች አንድ ቡሎን አንፈታም ብለው ተቀምጠዋል። ከነርሱ ሁለቱን በልጅነታቸው አውቃቸዋለሁ፤ ግትሮች ናቸው፤ የሚቀመጡበት ወንበር እንዳይጎድላቸው ቢያስቡበት ደግ ነው።

እሑድ ዕለት ብሪጅት ደወለችልኝ። «አባቴ ያን ቀን እራት ላይ ሌላ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የማስታውሰውን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ «እሺ» ብላ ዘጋች። ማክሰኞም ደወለች፤ ስለ ልጅነቱ ጠየቀችኝ። ይቅርታ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ስልኩ አጠገብ ግን ወንበር አስቀምጫለሁ።

እነሆ ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬ ይህን ይመስላል። ጤና፣ ዕድሜና ንጹሕ አየር አብዝቶ ይስጥዎ እያልኩ፣ ሽልማት የደረደሩበትን የቢሮዎን ግድግዳ እንዳይነቀንቅ ይህን ወረቀት ቀስ ብለው እንዲያስቀምጡት በአክብሮት እለምናለሁ፤

የቀድሞ ታዛዥዎ፣
ሎርና ቪሽኒያክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የአዲሱ ናፍጣ ሞተር ምርቃት የጥሪ ካርድ በቤቴ አድራሻ ደርሶኛል። የተላከው ለእኔ ሳይሆን «ለተከበሩ ባለውለታችን ለአቶ ካሲሚር ቪሽኒያክ» ነው፤ በሰዓቱ እንዲገኝም ከሥሩ ታዝዟል። ካርዱን በቅድስት ያድዊጋ መቃብር፣ ከሰሜኑ በር ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭኜ አድርሼዋለሁ። ወንድሜ በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ከፈረቃ አልቀረም። ከመጣ በሩን እርስዎ ራስዎ እንዲከፍቱለት አደራ።