የቀዩ ሮቦት ጉዳይ በአዳማ ሽማግሌዎች ፊት

ለተከበራችሁ የጃፓኑና የአሜሪካው የሮቦት መጫወቻ ኩባንያዎች ሥራ አስኪያጆች፤
ባላችሁበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እናንተም፣ ቤተሰቦቻችሁም፣ በተለይም ጎረቤቶቻችሁ ደህና እንድትሆኑልኝ እመኛለሁ። እኔ ሀጂራ፣ የአዳማዋ ልብስ ነጋዴ፣ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ከጎረቤቴ ከፎዚያ ጋር ግን ደህና አይደለሁም። ምክንያቱን በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ።

፩. አንዱን ቀይ ሮቦት ለሁለት ተካፍላችሁ፣ በጃፓን ለጓደኞቹ ሲል የሚሞት ጀግና፣ በአሜሪካ ደግሞ ጓደኞቹን ለጠላት አሳልፎ የሚሰጥ ከሃዲ ስላደረጋችሁት፣ ለሰፊው ምናባችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ለልጄ ለሲሃም አክስቷ የጃፓኑን አመጣችላት፤ ለፎዚያ ልጅ ለደሊል አጎቱ የአሜሪካውን ላከለት። ደሊል የራሱን ሮቦት በከሃዲነቱ ፈርዶበት አጥር ላይ በገመድ ሲሰቅለው፣ ሲሃም ስለ ጀግናዋ ብላ እጁን ነከሰችው። ከዚያ እኛ እናቶች ገባንበት፤ የተባባልነውን ባልጽፈው ይሻላል።

፪. የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ተቀመጡ። በዳይና ተበዳይ ሳይለይ እርቅ ስለማይወርድ፣ ከመካከላቸው ኦቦ ጫምሳ በቅድሚያ ሮቦቱ በእርግጥ ከድቷል ወይ ሲሉ ጠየቁ። ከከዳ ሲሃም ለንክሻዋ ካሳ ትክፈል፤ ካልከዳ ደሊል ንጹሕ ሰቅሏልና ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። ሮቦቶቹ የመጡባቸውን ሁለት ካርቶኖች አቀረብን፤ ሽማግሌዎቹም ሥዕሉን እየተቀባበሉ ብዙ አሰቡበት። በመጨረሻ ባለቤቶቹ ራሳቸው መጥተው ቃላቸውን ይስጡ ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ባለቤቶቹ እናንተ ናችሁ።

፫. ፎዚያ ማለት ሻሸመኔ ዕቃ ላመጣ ስሄድ ልጄን አብልታ የምታስተኛልኝ፣ እናቴ ስትሞት ከአጠገቤ ያልተለየች ሴት ናት። ዛሬ አንድ ቦታ ቆመን ባጃጅ ስንጠብቅ እሷ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ እናያለን። ደክሞኛል፤ ናፍቃኛለችም። ቀድሜ እንዳላናግራት ደግሞ ጉዳዩ በሽማግሌ እጅ ነው። የዓመታት ጉርብትናችንን በአንድ ፕላስቲክ ስለፈተናችሁልን እጅግ አመሰግናለሁ።

ስለዚህ ቢቻል ሁለታችሁም በመጪው እሁድ ከሰዓት አዳማ ተገኝታችሁ እንድትመሰክሩ፣ ባይመቻችሁም በአንድ ታሪክ ተስማምታችሁ እንድትልኩልን በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ።

መስማማታችሁን በአክብሮትና በብዙ ድካም የምትጠባበቀው፣
የተከሳሽ ወይም የከሳሽ እናት፣
ሀጂራ፤ ከአዳማ

ማሳሰቢያ፦ ለሌላ አገር ልጆች ሦስተኛ ታሪክ እያዘጋጃችሁ ነው ሲባል ሰማሁ። ከበስተኋላችን ካሉት ጎረቤቶች ጋር እስካሁን ሰላም እንባባላለን፤ እነሱም ልጅ አላቸውና፣ እባካችሁ ትንሽ ቆዩልን።