ድምፁ የወፈረ ሾርባ

እህት ዓለም፣ ሰላምታዬ ከነትኩስ እንፋሎቱ ይድረስሽ። ሁላችንም ደህና ነን።

እማዬ የድንች ሾርባ አሠራሯን ቀይራለች። ድሮ ክዳኑን ከፍታ ታይ ነበር፤ አሁን ጆሮዋን ወደ ድስቱ ታስጠጋና፣ «ድምፁ ወፍሯል፣ አውርጂው» ትለኛለች። ብቀምሰው እውነትም በስሏል! ገርሞኝ እኔም ጆሮዬን ባስጠጋ እንፋሎቱ ለበለበኝ እንጂ ምንም አልሰማሁም። ያንቺስ ድስት ይናገራል? ካሮቱንም በጣቷ እየዳበሰች ነው የምትከትፈው። መብራት ባበራላት፣ «ምን ያደርግልኛል?» ብላ ትቆጣኛለች።

የላክሽው ፎቶ ደርሶናል። እማዬ ስልኩን ተቀብላኝ ብዙ ቆየችና፣ «እንዴት አምሮባታል ልጄ!» ብላ ሳመችው።

ፎቶው ላይ ብቻውን የተነሳው አዲሱ ድስትሽ በእውነት ያምራል፤ እኔም አላረምኳትም።

በይ ቶሎ ነይልን። ስትመጪ ግን ከደጅ ጀምረሽ ተናገሪ።

ናፋቂሽ፣ ታናሽሽ