ሲጋራ ያልያዘ ሠራተኛ ወደ ጓሮ እንዳይወጣ ስለመከልከሉ

ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ሳንባዎ? የእኔ፣ በእርስዎ ቸርነት ባይሆንም፣ ደህና ነው፤ ሲጋራ ካቆምኩ ዛሬ አርባ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ «ማጨስ የምታቆሙ ሠራተኞቻችን፣ ከጎናችሁ ነን» ከሚለው ፈገግታ የሞላው ፎቶግራፍዎ ሥር መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ፤ ፎቶግራፍዎ ግን ስብሰባ አይገባም።

አቤቱታዬ በምስጋና ይጀምራል። ማጨስ የማቆሚያ ዘዴዎችን የሚዘረዝረውን በራሪ ወረቀት ያተመው የእኛው ቤት ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ያጠፈው ደግሞ ከጎኔ የሚሠራው፣ ከጭሱ ብዛት «ባቡር» ያልነው ወዳጄ ነው። ያን ሁሉ ቅጂ ስንቆርጥና ስናጥፍ ሳናስበው አነበብነው። ባቡርን ሐኪም ሳንባው ከእንግዲህ ጭስ እንደማይችል አስጠንቅቆት ስለነበር፣ በአንድ ቀን አብረን አቆምን። ጤና ጣቢያ ሄደን የኒኮቲን ማስቲካ ተሰጠን፤ የምታማክረን ነርስም አምሮቱ ሲመጣ ከመቀመጫችን ተነሥተን፣ ውሃ ጠጥተን፣ ጥቂት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ እንድንል መከረችን። ምስኪን፣ የእርስዎን የፈረቃ ኃላፊ አታውቀውም።

አንደኛ፤ በቤታችን አጫሽ የሆነ ሁሉ ጠዋትና ከሰዓት አሥር አሥር ደቂቃ ወደ ጓሮ ይወጣል። ባቆምን ማግስት ልንወጣ ስንል ኃላፊው በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ «እናንተ ደግሞ ምን ልትሠሩ? አቁመናል አላላችሁም እንዴ?» አለን። አየር ልንወስድ ነው ብንለው፣ አየር እዚህስ መች ጠፋ አለ። እውነቱን ነው፤ አየር ሞልቷል፣ ግማሹ የቀለም ሽታ፣ ግማሹ የወረቀት ብናኝ።

ሁለተኛ፤ ማሽን አጠገብ ማስቲካ ማኘክ «ደንበኛ ፊት ነውር ነው» ተብሎ ተከለከለ። በአሥራ ሦስት ዓመት አገልግሎቴ መቁረጫ ክፍላችን የገባ ደንበኛ አላየሁም፤ ምናልባት ተደብቆ ሲያየን ኖሮ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያልቅ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ባቡር አሥራ ዘጠኝ ቀን ቻለ። በሃያኛው ቀን አንድ ሲጋራ ከሰው ለምኖ ወደ በሩ ሄደ፤ ኃላፊዎም «ጎሽ፣ አሁን ሰው ሆንክ!» ብሎ ከፈተለት። በመስኮት አየሁት። ሲጋራውን አልለኮሰም። ጓሮው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ፣ እግሩን ዘረጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሰውየው የፈለገው መቀመጥ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ኃላፊዎ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ካላጨስክ ግባ እንጂ!» አለው።

ለኮሰው።

አራተኛ የለኝም፤ ሦስተኛው ይበቃኛል። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ሲጋራ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እወጣለሁ፣ ሳልለኩሰው እመለሳለሁ። ያው አንዱ ሲጋራ እንደ መታወቂያ ወረቀት እያገለገለኝ ወገቡ ጎብጧል። ነርሷ ሲጋራ የሚባል ነገር በአጠገቤ እንዳይደርስ ብላኛለች፤ እኔ ግን በእርስዎ ደንብ በቀን ሁለት ጊዜ ከጠላቴ ጋር ጓሮ እቀመጣለሁ። አንድ ደግ ሰው ክብሪት ያቀበለኝ ዕለት አለቀልኝ። ስለዚህ የምለምንዎ፣ ባዶ እጄን የምወጣባት አሥር ደቂቃ ብቻ ናት።

ለሠራተኛው ጤና በፎቶግራፍ ደረጃ ለሚያሳዩት ትጋት እጅ እየነሣሁ፣ በማሽኑ ጎን ቆሜ የምቀር፣

ታዛዥዎ የወረቀት ቆራጩ

ማሳሰቢያ፦ ባቡር ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሆስፒታል ነው፤ የኦክስጅን ቱቦ በአፍንጫው ገብቶ ተኝቷል። ትናንት ስጠይቀው፣ ለሥራ አስኪያጁ ሰላምታዬን አድርስልኝ ብሎኛል። በሥራ ሰዓት፣ ሲጋራ ሳይዝ እንዲያርፍ የተፈቀደለት የመጀመሪያው ሠራተኛዎ እሱ ነውና እንኳን ደስ አለዎ።