በአሰብ ላይ ስላዘነብኩት ዝናብና ስለ ሳልሀ ዜሮ

ለክቡር አቶ ወልደየሱስ
የከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ዲሬክተር
አሰብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ይህ ሙቀት እንዴት አድርጎዎታል? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጎረቤቴ መሪማም ወባው ለቅቋት ባለፈው ሳምንት ከአልጋዋ ተነሥታ ሾርባ ጠጥታለች፤ ትንሹ ልጇ ጥርስ አውጥቶ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፤ በገበያው ጥግ ሱቅ ያላቸው ባለቤቷ አቶ ኑህም ወገባቸውን በሰሊጥ ዘይት አሳሽተው ቀጥ ብለው መሄድ ጀምረዋል። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልዎ ስለ ቤተ ሰቡ ጤና አጥብቀው እንደሚያስቡ ስለማውቅ ነው። ባያስቡማ ኖሮ፣ ልጃቸው ሳልሀ ከዘጠነኛ ክፍል መውደቋን የሚናገረው ካርድ መሪማ ገና በትኩሳት ስትቃዥ ይደርስ ነበር፤ እርስዎ ግን አቆይተው በተነሣች ማግስት ላኩላት። ለዚህ ርኅራኄዎ ሠፈሩ ሁሉ ከልብ ያመሰግናል።

ይህን ጉዳይ በቢሮዎ ቁጭ ብዬ በትሕትና ላስረዳዎ ፈልጌ መጥቼ ነበር። ዘበኛው ወላጅ የሚገባው ሐሙስ ነው ብሎ መለሰኝ። ሐሙስ ስመጣ ደግሞ ክቡርነትዎ ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ሊቀበሉ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደዋል አለኝ። ለካስ አውሮፕላኑም የሚመጣው ሐሙስ ነው! ስለዚህ ደብዳቤዬን በአቶ ኑህ ሱቅ በር ላይ ልለጥፈው ቆርጫለሁ፤ ሲጋራ ሊገዙ ብቅ ሲሉ እግረ መንገድዎን እንዲያነቡት፣ ከፊትዎ የተሰለፈ ሰው ቢኖርም ጮክ ብሎ እንዲያነብልዎ።

እኔ ማን እንደሆንኩ መናገር ይገባኛል። ሐረገወይን እባላለሁ፤ የጉምሩኩ ጸሐፊ የአቶ ሣህሉ ባለቤት ነኝ። አገሬ ደብረ ብርሃን ሲሆን ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አራተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም፤ አለማወቁን የሚያውቀው አምስተኛ ክፍል ሲገባ ነው፤ እኔ ግን አምስተኛ አልገባሁም። በዚህ ምክንያት ነው እንግዲህ አሁን የምዘረዝረው ሁሉ የደረሰው። አቤቱታዬን በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ፤ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ያለ ቁጥር አያነቡም ብሎ ባለቤቴ መክሮኛል።

አንደኛ፤ ለሳልሀ በአማርኛ ድርሰት ሰጥተዋት ከክፍል ስለ ጣላት ዜሮ። በቅድሚያ ዜሮው እጅግ ያማረ መሆኑን እመሰክራለሁ፤ እንደዚያ ክብ፣ እንደዚያ ቀይ፣ ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ የተሠራ ዜሮ እኔ ስማር አላገኘሁም፤ የኔዎቹ ሁሉ ጎባጣ ነበሩ። ነገር ግን ክቡርነትዎ አድራሻ ተሳስተዋል። ዜሮው የኔ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦

ሳልሀ በሒሳብ ከክፍሏ ወንዶች ሁሉ በላይ ናት፤ ይህን ካርዱም አልካደም። ድርሰት ግን ያስቸግራታል፤ ከሠፈር ልጆች ጋር በዓፋርኛና በትግርኛ ስትጫወት ነው ያደገችው፤ ሱቅ ውስጥ ደግሞ የምትሰማው አማርኛ ስኳር መመዘኛና ላምባ መስፈሪያ ብቻ ነው። እናቷ ታማ ስለ ተኛች፣ አባቷም ሱቁን ስለማይለቁ፣ ለፈተናው የማስጠናት እኔ ሆኜ ተሾምኩ። ማን ሾመሽ ቢሉኝ፣ ራሴ ነኝ።

ለመለማመጃ እስቲ ስለ ክረምት ጻፊ አልኳት። ልጅቱ እንኳን ደብረ ብርሃንን ደሴንም አይታ አታውቅም፤ የተወለደችው እዚሁ አሰብ ነው። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይዋ ገና ሳትወጣ እንደምታቃጥል፣ ትኩስ ነፋስ አሸዋ ተሸክሞ ከበረሃው እንደሚመጣ፣ ሰው ሁሉ የገመድ አልጋውን ደጅ አውጥቶ እንደሚተኛና በቀን መንገዱ ላይ ፍየል እንኳ እንደማይታይ አሳምራ ጻፈች። አነበብኩና ሣቅኩ። ይኼማ በጋ ነው፣ የኔ እናት፣ ክረምት እንዲህ አይደለም፣ ፈታኞቹ ቢያዩት ጉድ ይሉሻል ብዬ ከላይ እስከ ታች ሠረዝኩባት። ያን ስላት፣ እርሷ የጻፈችው ነፋስ ራሱ በመስኮት ገብቶ መጋረጃዬን ከነዘንጉ ሊነቅለው ነበርና፣ ስለ ክረምት ያስተማርኳት መጋረጃውን በሁለት እጄ ይዤ፣ አሸዋ ከአፌ እየተፋሁ ነው።

ከዚያ የኔን ክረምት አስጠናኋት። ዶፉን፣ ጉሙን፣ እስከ ጉልበት የሚውጠውን ጭቃ፣ የሣር ገሣ ለብሶ የሚሄደውን ሰው፣ መብረቁን፣ የእንቁራሪቱን ጩኸት አንድ ሳላስቀር። እትዬ፣ እንቁራሪት ምን ዓይነት ዓሣ ናት ብላ ጠየቀችኝ። የማትበላ ዓሣ ናት ብዬ አለፍኩት፤ ጊዜ አልነበረንም።

በፈተናው ቀን እርስዎ ሰሌዳው ላይ «ከተማችን በክረምት» ብለው ጻፉ። ልጅቱም ያስጠናኋትን አንድም ሳታጎድል ጻፈችው። በአሰብ ክረምት ሲገባ ሰማዩ እንደሚጠቁርና ዝናቡ ከወደቡ ላይ ሳያባራ እንደሚወርድ፤ የጨው ክምሩ እንዳይሟሟ ሠራተኞቹ ጎጆ እንደሚሠሩለት፤ መርከበኞች ገሣ ለብሰው እሳት እንደሚሞቁ፤ አውሮፕላኑን ጭቃ ይዞት በበሬ እንደሚጎተት፤ እንቁራሪቶችም ከባሕር ወጥተው እንደሚጮኹ፤ በአውሮፕላን የሚመጡ የተከበሩ እንግዶችም ካፖርት ደርበውና ጃንጥላ ዘርግተው እንደሚወርዱ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጠባይ። ካርዱ ላይ «በአለቆቿ ላይ ትቀልዳለች» ተብሎ ተጽፎ ጠባይዋ ዝቅተኛ ተደርጓል። ይህን ያነበብን ቀን የአንዱ መምህር ሚስት ላቀች እኔ ዘንድ መጥታ ነበር፤ ድርሰቱ በመምህራኑ ክፍል ሲነበብ አንዱ ከወንበሩ ወድቆ ተነሣ፣ ሳይሥቁ የቀሩት ዲሬክተሩ ብቻ ናቸው፣ ጃንጥላው ጋ ሲደርስ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ ብላ ነገረችኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ክቡርነትዎ አምና ሐምሌ ሲመጡ ከአውሮፕላኑ ካፖርት ደርበው፣ ጃንጥላ ይዘው፣ የጭቃ ቦት ጫማ ተጫምተው ወርደዋል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ያየው የቀረው ከተማ ነው። ሳልሀም አራስ ከነበረች እናቷ ጋር ቤት እንደነበረች ምስክር አለኝ። ጃንጥላውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ክረምት ላይ ጨዋ ሰው ያለ ጃንጥላ አይታይም ብያታለሁና። አውሮፕላኑን የጨመረችው ግን በገዛ ብልኅነቷ ነው፤ ለጨዋ ሰው የሚገባ መጓጓዣ እርሱ መስሏት።

ደግሞም ይህ ሊያሳፍርዎ አይገባም። እኔ ራሴ በፌዴሬሽኑ ማግስት ባሌን ተከትዬ ስመጣ፣ ከመኪና የወረድኩት ሁለት ጋቢ ደራርቤ፣ ከደብረ ብርሃን ያመጣሁትን ገሣ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ነበር። የመናኸሪያው ተሸካሚዎች ገሣውን ተቀባብለው አዩት። አንዱ፣ ለምንድነው ይህ፣ እመቤት፣ ለዶሮ ቤት ነው ወይ ሲለኝ አዎ ብያለሁ፤ ዛሬም ዶሮዎቼ ያድሩበታል። ስለዚህ እርስዎና እኔ አንድ ዓይነት ሰዎች ነን፤ ልዩነታችን እርስዎ ቀይ እርሳስ ያለዎት መሆኑ ነው።

አራተኛ፤ ሦስተኛውን ዘልዬ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቁጥሩን ሳልሀን ማስቆጠር ነበረብኝ። አቶ ኑህ ትናንት እቤቴ መጥተው ነበር። ሻይ አፈላሁላቸው፤ ጠጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ምንም አይደለም እትዬ፣ ያደረጉት ለደግ ነው፣ ወንድሜ እባሕሩ ዳር ጥዖ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ሒሳብ የሚይዝለት ሰው አጥቷል፣ ቅዳሜ ጀልባ አለ፣ ሳልሀን እልካታለሁ፣ ለሴት ልጅ ዘጠነኛም ብዙ ነው አሉኝ። ከሄዱ በኋላ መሪማ ግድግዳ እየተደገፈች መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። አንቺ ሐረገወይን፣ እንዳስጠናሻት አስፈትኛት፣ ሌላ አልልሽም ብላኝ እንደ መጣችው ግድግዳ እየተደገፈች ተመለሰች። 

ባለቤቴ አቶ ሣህሉ ካርዱ ከመጣ ቀን ጀምሮ «የኔታ» ብሎ ይጠራኛል። የኔታ፣ ወጡ ደረሰ ወይ? የኔታ፣ ዛሬ ይዘንባል ወይ? ችዬው እኖራለሁ፤ ይገባኛል። ሳልሀን ግን ለምን ሰማዩን እያየሽ እንዲህ ያለ ነገር ጻፍሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። አንገቷን ደፍታ፣ የሚታየውማ ለፈተና የሚሆን አልመሰለኝም አለችኝ።  ክቡርነትዎ መልስ ካለዎት በዚሁ ሱቅ በር ላይ ቢለጥፉልን እናነበዋለን።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ከቅዳሜ በፊት ልጅቱን እንደገና ይፈትኗት። ስለ ወደቡ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ወደዱት ነገር ይጠይቋት፤ በዓይኗ ያየችውን ትጻፍ። እኔ በዚያ ሰዓት አፌን ዘግቼ ከቤቴ እንዳልወጣ ባለቤቴ ዋስ ይሆነኛል፤ በር ላይ ቆሞ ለመጠበቅም ተስማምቷል፣ እንዲያውም ደስ ብሎታል። ዜሮው ከመዝገብ አይፋቅም የሚሉ ከሆነም በስሜ ያዛውሩልኝ፤ የጠባይ ጉድለቱንም ጨምረው። እኔን የሚልክ ሰው ስለሌለ ጥዖ አልሄድም፤ ዘጠነኛ ክፍል መውደቅም አራተኛ ክፍል ለቀረ ሰው ሹመት ነው።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ቀይ እርሳስዎ፣ ስለ ሐሙሱም ቀጠሮ ከልብ አመሰግናለሁ። ቤትዎ ይቀዝቅዝ፣ ውሃዎ አይሙቅ፣ ነፋሱ በርዎን ሳይነካ ይለፍ፤ ማንበብ የሚያውቅ ሁሉ ስለ እርስዎ በጎ ነገር ያንብብ።

ለክቡርነትዎ ከፍ ያለ አክብሮት ያላት፣ በራሷ ሹመት አስጠኚ፣ በራሷ ፈቃድ የተሻረች፣

ሐረገወይን
የአቶ ሣህሉ ባለቤት
ሰኔ ፳፭ ቀን ፲፱፻፶ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ደብዳቤውን ልለጥፍ ሙጫ ሳዘጋጅ ሳልሀ መጣች፤ በትምህርት ቤቱ በር ስታልፍ አዲስ ማስታወቂያ አይታ ነው። አላመንኳትምና ነጠላዬን ተከናንቤ ሄጄ አነበብኩት። በክቡርነትዎ ፊርማና ማኅተም «በክረምቱ ከባድ ዝናብና በጭቃው ብዛት ምክንያት ትምህርት ቤቱ እስከ መስከረም የተዘጋ መሆኑን ለተማሪዎችና ለወላጆች እናስታውቃለን» ይላል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባብኝ ነው እንጂ ደግሜ አነበው ነበር። ሳልሀ አጠገቤ ቆማ እንደገና አንብባ ስትጨርስ፣ እትዬ፣ እሳቸውንስ ማን አስጠናቸው አለችኝ። እኔ እንዳልሆንኩ በማርያም ምዬላታለሁ።